ስሟን ማን አወጣው?

ከአገራችን ደጋ ወይም ጫካ «አዲስ የእንቁራሪት ዝርያ ተገኘ» የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር ሁለት ዓይነት ሰዎች አፋቸውን ይከፍታሉ። አንደኛው ይስቃል። «ሰው መች ጠግቦ አደረና ነው ለእንቁራሪት የምንጨነቀው?» ይላል። ሁለተኛው ይቆጣል። «ከአያት ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ ስትጮህ የምንሰማትን ፈረንጅ አገኘኋት ይላል፤ በገዛ አገሯ የባዕድ ስም ይለጥፍባታል» ይላል። እኔ ከሁለቱም ጋር ጠብ አለኝ። ይበልጥ የምጣላው ግን ከሚቆጣው ጋር ነው፤ ቁጣው እውነት የሚመስል ነገር ይዟልና።

መዝገቡ ሲገለጥ በብዛት የሚታየው የእንግዳ ስም መሆኑን አልክድም። (ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በደጋችን ሣር ውስጥ የሚዘሉት «ፕቲካዴና ኤርላንገሪ» እና «ፕቲካዴና ኖይማኒ» የተሰየሙት በ1900 አካባቢ አገራችንን ባቋረጡት በካርሎ ፎን ኤርላንገርና በኦስካር ኖይማን ስም ነው። የሐረናዋ «ባሌብሬቪሴፕስ ሂልማኒ» የሂልማንን ስም ተሸክማለች። የባሌዋ ጉርጥ «ማልኮልሚ» ደግሞ የእንግሊዛዊውን የማልኮልም ላርገንን።

ግን ቁጡው ወዳጄ አንድ ጥያቄ ይመልስልኝ። አያቶቻችን የሚያውቋቸው ከሆነ ስማቸው ማን ነበር? በአማርኛ እንቁራሪት እንላለን፤ ጓጉንቸር እንላለን፤ ጉርጥ እንላለን። ከዚያ ወዲያስ? በኢትዮጵያ እንቁራሪትና መሰሎቿ ከ70 በላይ ዝርያ አላቸው፤ ከሦስት አንዱ የሚበልጡት በዓለም ላይ ሌላ አገር የላቸውም። ፈረስን ዳማ፣ ቦራ፣ ጉራች፣ አምባላይ እያልን በመልኩ ለይተን የምንጠራ ሰዎች፣ ለዚህ ሁሉ ፍጥረት ሦስት ቃል ይበቃል ብለን ተቀምጠናል። የሐረና እረኛ ከእኛ ከከተሜዎቹ የተሻለ ይለያቸው ይሆናል። ግን ማን ሄዶ ጠየቀው?

የሚያሳስተን «ተገኘ» የሚለው ቃል ነው። እንቁራሪት እንደ ወደቀ ሳንቲም ተጎንብሰው የሚያነሷት አይደለችም። አጥኚው በክረምት ሌሊት፣ በዝናብ፣ ባትሪ ይዞ ረግረግ ውስጥ ይገባል። የወንዱን ጩኸት ይቀዳል፤ እያንዳንዱ ዝርያ ሴቷን የሚጠራበት የራሱ ድምፅ አለውና። አካሏን ከአፍንጫዋ ጫፍ እስከ መቀመጫዋ ይለካል። ለዘር ምርመራ ከሥጋዋ ቅንጣት ይወስዳል፤ ገላዋን በአልኮል ያስቀምጣል። ከዚያ ዋናው ድካም ይመጣል፦ ይህች በእርግጥ ሌላ መሆኗን ለማስረዳት ቀድሞ ከተሰየሙት ጋር አንድ በአንድ ማስተያየት። ኤርላንገርና ኖይማን የሰበሰቧቸው እንቁራሪቶች እንኳ በርሊን ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ተቀምጠው፣ ኤርንስት አል የተባለ ሰው በ1924 ነው ጽፎ ስም የሰጣቸው። እስከዚያ ድረስ በጠርሙስ ውስጥ ነበሩ፤ በዕውቀት ውስጥ ግን አልነበሩም።

ላርገንም ስሙን በልመና አላገኘውም። የአገራችንን እንቁራሪቶች ለዓመታት አጥንቷል፤ በ2001 ሙሉ ዝርዝራቸውን አሳትሟል። ጉርጧን በስሙ የጠራችለት አሊስ ግራንዲሰን የተባለች ባለሙያ ናት፤ በ1978። ሠርቶ የተሰየመን ሰው፣ ሳንሠራ ቁጭ ብለን መውቀስ ነውር ነው።

የባዕድ ስም ብቻ ነው የሚለውም ክስ ዛሬ አይጸናም። በ2019 ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተመዘገበችው «ፍሪኖባትራኩስ ቢቢታ» የተጠራችው በተገኘችበት በቢቢታ ተራራ ነው። በ2021 ደግሞ ለረጅም ጊዜ ከሌሎች ጋር ሲምታቱ የኖሩ አራት የደጋ እንቁራሪቶች ተለይተው ተሰየሙ። የሁለቱ ስም «ዶሮ» እና «በቃ» ነው፤ ለዚህ መጽሔት አንባቢ አልተረጉምም። ጥናቱን የመሩት ግን አቡ ዳቢ ባለ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። እንግዲህ ነገሩ የስም አይደለም። የሥራ ነው።

ሕጉም ቢሆን አልከለከለንም። የእንስሳት ስያሜ ዓለም አቀፍ ደንብ ከ1758 ወዲህ ቀድሞ በወግ የታተመውን ስም ያጸናል። ስሙ በላቲን ፊደል ይጻፍ ይላል እንጂ ከየትኛውም ቋንቋ ቢወሰድ ግድ የለውም። መግለጫው በብዙዎች በሚነበብ ቋንቋ ቢሆን ይመክራል፤ ግዴታ ግን አያደርግም። በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ የተጻፈ የእንቁራሪት መግለጫ፣ ሌላውን መስፈርት እስካሟላ ድረስ፣ በደንቡ ፊት የጸና ነው። በሩን የዘጋብን የለም፤ እኛ አልገፋነውም።

መንግሥት በበኩሉ በእኛ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 482ን አውጥቶ የጄኔቲክ ሀብታችን ያለ ፈቃድ እንዳይወሰድ ደንግጓል። መልካም አደረገ። ነገር ግን አዋጅ በር ይጠብቃል እንጂ በቤቱ ውስጥ ምን እንዳለ አይቆጥርም። ያልቆጠረውን ንብረት ዘበኛ እንዴት አድርጎ ይጠብቃል?

አሁን ወደሚስቀው ልመለስ። በሐረና ጫካ አካባቢ «ኤሪካባትራኩስ ባሌንሲስ» የምትባል ትንሽ እንቁራሪት አለች፤ ስሟ የአስታ ዛፍ እንቁራሪት እንደማለት ነው። ላርገን በ1991 ጻፋት። ከ1980ዎቹ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል የገባችበት ጠፍቶ፣ በኋላ ጥቂቶች ተገኙ። በ2013 የውጭና የአገር ውስጥ ተመራማሪዎች ባንድነት፣ ደኑ ሲመነጠርና ጅረቱ በከብት ሲረገጥ እሷና የባሌ ጎረቤቶቿ ሊጠፉ መቃረባቸውን አስጠነቀቁ። ይህን ማለት የቻሉት ስም ስለነበራት ነው። ስም ባይወጣላት ኖሮ መጥፋቷን የሚያውቅ እንኳ ባልተገኘ ነበር። ስም የሌለው ፍጡር ሲሞት መርዶ ነጋሪ የለውም።

የእንቁራሪት ቆዳ ውኃ ያስገባል፤ ስለዚህ ውኃው ሲበላሽ ቀድማ የምትጎዳው እሷ ናት። ከዚያው ከባሌ ተራሮች ግን እንደ ዌይብ ያሉ ወንዞች ይነሳሉ፤ ቆላ ወርደው ሰውና ከብት ያጠጣሉ። የሚስቀው ሰው የእንቁራሪቷ ውኃና የሰው ውኃ ሁለት ምንጭ ያለው ከመሰለው ምንጩን ሄዶ ይየው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሌሊት ረግረግ ለሚገባ ተማሪ የመንገድና የቀለብ ወጪ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ናሙናዎች እንደ ብራና መጻሕፍት የሚጠበቁበት ክፍልና ባለሙያ፤ ከአገራችን ስለተሰየመ እንስሳ ሁሉ በአገር ቋንቋ የሚታተም መግለጫ፤ ከአካባቢው ሕዝብ ተጠይቆ የሚመዘገብ የዘወትር ስም። የተጻፈው ስም አይፋቅም፤ ደንቡ አይፈቅድም፤ ቢፈቅድም አልደግፍም። ያልተጻፉት ግን በየረግረጉ እየጮኹ ነው። ቁጡው ወዳጄ መጪው ክረምት ሲገባ ቁጣውን ቤቱ ትቶ፣ ቦት ጫማ አጥልቆ ባትሪ ይዞ ይውጣ።