የምርጫ ትኬት ዋጋና የነጋዴው ሚዛን

በመሐል ሜዳ ገበያ የገብስ ዋጋ ሲወጣ ወይም ሲወርድ ነጋዴው ምክንያቱን አያጣውም፤ የበልጉ ዝናብ ዘግይቷል፣ አለዚያም መንገዱ ተበላሽቷል። ዋጋ የብዙ ሰዎችን ዕውቀት በአንድ ቍጥር ሰብስቦ ይናገራል። ይህንኑ የዋጋ ጠባይ በመከተል የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ በ1988 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ምርጫ ውጤት ላይ የሚገበያዩበትን ገበያ አቋቋመ፤ ከዚያም ወዲህ ፖሊማርኬትና ካልሺ የተባሉት ድርጅቶች ንግዱን አስፋፍተውታል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ተወዳዳሪው ቢያሸንፍ 100 ብር የሚከፈልበት ትኬት ዛሬ በ93 ብር ቢሸጥ፣ የማሸነፍ ዕድሉ 93 ከመቶ ነው ይባላል።

ነገር ግን አሸናፊው አስቀድሞ ታውቋል በሚባልበት የምርጫ ክልል ይህ አነጋገር ያሳስታል። ምርጫው አንድ ዓመት ቢቀረው፣ ባንክ በዓመት 7 ከመቶ ወለድ ቢከፍል፣ ትኬቱም ወለድ የማያስገኝ ቢሆን፣ ድሉን ያለ ጥርጥር የሚያውቅ ሰው እንኳ ከ93 ብር ከ46 ሳንቲም በላይ አይከፍልም። የጐደለው ገንዘብ የጥርጣሬ መለኪያ ሳይሆን የገንዘብ ኪራይ ነው። በዚያው ምክንያት ተስፋ የሌለው ተወዳዳሪ ትኬት በ5 ብር ሲሸጥ ይታያል፤ 5 ብር ለማትረፍ ሲል 95 ብር ለወራት የሚያስር ነጋዴ ጥቂት ነውና። ገዥና ሻጭ በሳሱበት ገበያ ደግሞ አንድ ሰው በጥቂት ገንዘብ ዋጋውን ሊያዛባው ይችላል።

እርግጠኛ የተባለውም ወንበር ይገለበጣል። በ1997 ዓ.ም. የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበሮች በሙሉ ቅንጅት ወሰደ፤ በ2002 ዓ.ም. ከነዚሁ ውስጥ ለተቃዋሚ የቀረው አንድ ብቻ ነበር፤ ኢሕአዴግና አጋሮቹ በመላው ሀገር ከ547 ወንበሮች 545ቱን ያዙ። በ2018 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ከተማ ለረጅም ዘመን እንደ ራሴ የነበሩት ጆሴፍ ክራውሊ በገዛ ፓርቲያቸው የዕጩ ምርጫ በአሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ ኮርቴዝ ተሸነፉ። ወንበሩ ለፓርቲው እርግጠኛ ነበረ፤ ለሰውየው ግን አልሆነም።

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ገበያዎች እንዲህ ያለ ትኬት አይሸጥም፤ «አሸናፊው የታወቀ ነው» የሚለው አስተሳሰብ ግን ያለ ትኬትም ይገኛል፤ ኪሳራውም ከትኬቱ ይብሳል። ውጤቱ ታውቋል ተብሎ ዝም ሲባል፣ ከዓለም ከተማና ከሞላሌ እህል የሚጫንበት መንገድ፣ የብድር እጦትና የበጉ ገበያ ጉዳይ ሳይጠየቅ ያልፋል። ነጋዴ ዕቃውን ከከፈለ በኋላ አይመዝንም። ዕጩ ከመሰየሙ በፊት ጥያቄውን በጽሑፍ ማቅረብ፣ መልሱንም መዝግቦ መያዝ የእያንዳንዱ የንግድ ምክር ቤት አባል ተግባር ነው። ፉክክሩ በድምፅ መስጫው ቀን የማይገኝ ከሆነ፣ ሚዛኑ መቅረብ ያለበት ቀደም ብሎ ነው።