የውኃ መዝጊያ ሲመረጥ

አንባቢ ሆይ፣ በፈረቃ የጠፋው ውኃ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ድንገት መጣና የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ ፈነዳ እንበል። ወዴት ይሮጣሉ? ወደ ቆጣሪው ነዋ! እዚያ ያለው ሳራቺኔስካ ግን ለዓመታት ያልተነካ ነውና አልዞርም ይላል፤ አልጋው ሥር ያለው የመጽሐፍ ካርቶን ደግሞ መራስ ጀምሯል።

ሳራቺኔስካ ክፉ ዕቃ አይደለም። ክብ እጀታው ደጋግሞ ሲዞር በውስጡ ያለው መዝጊያ ቀስ በቀስ ይወርዳል። ነገር ግን ውኃው ሲሄድና ሲመጣ የሚያመጣው ደለል ከሥሩ ስለሚጠራቀም መዝጊያው አጥብቆ አይገጥምም። በግማሽ ተከፍቶ ከተተወማ የውኃው ሩጫ ራሱ ይበላዋል።

እንግዲህ ለቤት የምመርጠው በሩብ ዙር የሚዘጋውን ቦል ቫልቭ ነው። በሆዱ የተበሳች ኳስ አለች። እጀታው ከቧንቧው ጋር አብሮ ሲተኛ ክፍት፣ ሲያቋርጠው ዝግ ነው፤ ይኸውም በጨለማ በዳሰሳ ይታወቃል። ሲገዙ በአንድ ልክ ያሉትን ሁለት በእጅዎ ይመዝኑ፤ ከላይ ቢያብረቀርቅም የቀለለውን ይተዉት። ደግሞም በቀዳዳው አሻግረው ይመልከቱ። የኳሷ ቀዳዳ ከቧንቧው የጠበበ ከሆነ ግፊቱ ደካማ በሆነበት ሰፈር ባልዲ ለመሙላት ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ሲዘጉት ቀስ ይበሉ፤ በድንገት የተገታ ውኃ ቧንቧውን ይመታል። በዓመት ሁለት ጊዜም ዘግተው ይክፈቱት። ተከራይ ከሆኑ ዋናው መዝጊያ የት እንዳለ አከራይዎን ዛሬውኑ ይጠይቁ፤ በሌሊት በራቸውን ከማንኳኳት ይሻላል።