ወንበሩ ቀረ፣ መራጩ ተባረረ

አንዳንድ ወንድሞቻችን «ሕዝብ የራሱን ሰው ፓርላማ ካስገባ መብቱ ተከበረ» ሲሉ እንሰማለን። እኛ በዚህ መጠለያ ለልጆች ታሪክ የምናስተምር ሰዎች ይህን አባባል አንቀበልም። ምክንያታችንን ከአየርላንድ፣ ክሌር ከምትባለው አውራጃ ታሪክ እናስረዳለን። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ክሌር በደብሊን በነበረው በጥንቱ የአየርላንድ ፓርላማ ሁለት እንደራሴዎች ነበሯት። ያ ፓርላማ በ1800 ማብቂያ ሲዘጋ ሁለቱ ወንበሮች ወደ ለንደን ተዛወሩ። ሕዝቧ በአብዛኛው ካቶሊክ ነው። ካቶሊክ ከ1793 ጀምሮ መምረጥ ተፈቅዶለት ነበር፤ ተመርጦ ለመቀመጥ ግን ሃይማኖቱን የሚያወግዝ መሐላ ይጠየቅ ነበር።

መራጩ ማን ነበር? በዓመት 40 ሽልንግ የሚያወጣ መሬት በዕድሜ ልክ ውል የያዘ ድኃ ገበሬም ይመርጥ ነበር። ድምፅ የሚሰጠው በአደባባይ፣ በቃል ነው። ባለርስቶቹ ጭሰኞቻቸውን እንደ ከብት ወደ ምርጫው ይነዱአቸው ነበር። እምቢ ያለ ከመሬቱ መነቀልን ይፈራል።

በ1828 ግን የክሌር ገበሬዎች ኤኒስ ከተማ ወጥተው እምቢ አሉ። ባለርስቶቹ የደገፉትን ቬሲ ፊትዝጀራልድን ትተው ካቶሊኩን ጠበቃ ዳንኤል ኦኮኔልን፣ 2,057 ለ982 በሆነ ድምፅ መረጡ። መንግሥት ሁከት ፈርቶ በ1829 ካቶሊኮች በፓርላማ እንዲቀመጡ ፈቀደ።

ታዲያ ዋጋውን ማን ከፈለ? በዚያው ዓመት በወጣ ሌላ ሕግ የአየርላንድ አውራጃዎች የመራጭነት መመዘኛ ከ40 ሽልንግ ወደ 10 ፓውንድ ወጣ። 10 ፓውንድ 200 ሽልንግ ነው፤ አምስት እጥፍ መሆኑ ነው። ከ200 ሺህ በላይ የነበረው መራጭ ወደ 37 ሺህ ገደማ ወረደ። ኦኮኔል ራሱ በ1825 በነበረው ድርድር ይህን መሰል ልውውጥ ተቀብሎ ነበር። በ1829 ዳግም ሲመረጥ ተወዳዳሪ እንኳ አልቀረበበትም። ለገበሬው ላም አለኝ በሰማይ ሆነበት።

«የጭሰኛ ድምፅ የባለርስቱ ድምፅ ነበር፤ ቢቀር ምን ይጎዳል?» የሚሉ ያኔም ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። እንመልስላቸው፦ ድምፁ ዋጋ ከሌለው፣ በባለርስቱ ትእዛዝ ሲሰጥ በኖረባቸው ዘመናት ለምን አልተነጠቀም? የተነጠቀው ገበሬው ለራሱ ባዋለው ማግስት ነው።

ክሌር በ1885 ለሁለት የምርጫ ክልል ተከፈለች። የኦኮኔል ስም ይነሣል፤ የእነዚያ 2,057 ሰዎች ስም ግን አይነሣም። ነገ አገራችን ገብተን ስለ ምክር ቤት ስንመክር፣ ማን ተቀመጠ ብለን ከማጨብጨባችን በፊት ማን እንዳይመርጥ ተከለከለ ብለን እንጠይቅ።