ናቹራል ወይስ ሶሻል፦ የቆቦ ተማሪ በምን ይመርጣል?

መስከረም በቆቦ ሜዳ ማሽላ የሚያሸትበት ወር ነው። ወፍ በመንጋ ይወርዳል፤ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ የሚያጮኸው ደግሞ ብዙ ጊዜ የቤቱ ተማሪ ነው። በዚያው ወር ትምህርት ቤቱ ምዝገባ ይከፍትና አሥረኛ ክፍልን ያለፈውን ልጅ ይጠይቀዋል፦ ናቹራል ነህ ሶሻል? ልጁ አንድ ቀን ከማማው ወርዶ ከተማ ይገባል፤ ጓደኞቹ የት እንደተመዘገቡ ይጠይቃል፤ ስሙን አጽፎ ወደ ማሽላው ይመለሳል። ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የሕግ ባለሙያ ወይም የሒሳብ ሠራተኛ የመሆን መንገዱ ግማሹ የተዘጋው በዚያች ከሰዓት በኋላ ነው።

ስለዚህ ምርጫ ስናወራ ቶሎ የምናነሳው ውጤትንና የሥራ ዕድልን ነው። የትኛው ፊልድ ያስቀጥራል? የትኛው ያልፋል? የእኔ ክርክር ሌላ ነው። ተማሪው የሚመርጠው አይቶት የማያውቀውን ነገር ነው፤ ማየት ይችልበት የነበረውን ጊዜ ደግሞ እኛው ወስደንበታል። ክበቡ፣ ላቦራቶሪው፣ ሚኒ ሚዲያው፣ ክርክሩ፣ ኳሱ፣ የትምህርት ጉዞው፣ ከመምህር ጋር ከክፍል ውጭ የሚደረገው ወግ፣ እነዚህ ሁሉ ከፈተና በኋላ የሚደርሱ ትርፍ ነገሮች ተደርገው ተቆጥረዋል። ልጅ ምን እንደሚወድና ምን እንደሚችል የሚያውቀው ግን በእነሱ ነው። የተማሪነት ጣዕም የሌለበት ትምህርት ቤት ተማሪውን በጭፍን እንዲመርጥ ያደርገዋል።

አሠራሩን እናስታውስ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አሥራ አንደኛንና አሥራ ሁለተኛን መሰናዶ ብሎ ለየ። ወደዚያ የሚገባው የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን በበቂ ውጤት ያለፈ ብቻ ነበር። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ መንግሥት ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 ከመቶው በተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 ከመቶው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሆን ወሰነ። ውሳኔው የአገር ዕቅድ ነበር፤ ወደ ቀበሌ ሲወርድ ግን የሰው መለኪያ ሆነ። ጎበዝ ናቹራል ይገባል፤ ሶሻል የደከመ ነው። ዛሬም አንድ ጥሩ ውጤት ያላት ልጅ ታሪክና ጂኦግራፊ እወዳለሁ ብላ ሶሻል ስትመዘገብ፣ «ምነው ልጄ፣ ምን አጣሽ?» የሚላት ዘመድ አይጠፋም። በሌላ በኩል ሒሳብን ሸሽቶ ሶሻል የሚገባው ልጅ ሒሳቡ እዚያም ሲጠብቀው ያገኘዋል። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው እንግሊዝኛን፣ ሒሳብንና አፕቲትዩድን ሁለቱንም ወገን ይጠይቃልና። ይህን የሚነግረው ሰው ቀድሞ ቢያገኝ ኖሮ ቢያንስ የሚሸሸውን ያውቅ ነበር።

የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አሁን ቀርቷል፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት አንድ እርከን ሆኗል። ይህ መልካም ለውጥ ነው፤ ዘጠኝንና አሥርን ከፈተና ፍርሃት አውጥቶ የመሞከሪያ ዓመታት ሊያደርጋቸው ይችል ነበር። ያላደረጋቸው በማስተማሪያ ቋንቋው ምክንያት ይመስለኛል። በአማራ ክልል ልጁ የመጀመሪያ ደረጃን በአብዛኛው በአማርኛ ተምሮ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። የፊዚክስ መጽሐፉን ሲከፍት የሚታገለው ከኃይልና ከፍጥነት ጋር ሳይሆን ከዓረፍተ ነገሩ ጋር ነው። መምህሩ ገለጻውን በአማርኛ ቢያደርግለት እንኳ ማስታወሻው እንግሊዝኛ ነው፣ ፈተናውም እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ አሥረኛ ክፍል መጨረሻ ላይ በካርዱ የሚሰፍረው ውጤት ፊዚክስ ይሆነዋል አይሆነውም የሚለውን አይነግረንም። በሁለት ዓመት ውስጥ ምን ያህል እንግሊዝኛ እንደለመደ ነው የሚነግረን። ምርጫውን በዚህ ውጤት ላይ ስናቆመው ብዙ ልጅ ሳይንስን ሳያውቀው ይሰናበተዋል፤ ብዙ ልጅ ደግሞ ሳያውቀው ይገባበታል።

ከዞብል ተራራ ግርጌ፣ ከሮቢት፣ ከጎብዬና ከሌሎች የገጠር ቀበሌዎች መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማረው ልጅ ሁኔታ ደግሞ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ሁለት ሦስት ሆነው አንዲት ቆርቆሮ ቤት ይይዛሉ። በገበያ ቀን እናት ወይም ወንድም ስንቅ ያመጣል፤ የማሽላ እንጀራ፣ በርበሬ፣ ሽሮ። እንጀራው በቆላው ሙቀት በሦስተኛው ቀን መሻገት ስለሚጀምር ቶሎ ይሰጣል፤ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል፣ ማታ በሽሮ ይፈተፈታል። ውኃ የሚቀዳበት ተራ አለ፣ የሚጠናበት ተራ አለ። ቤተሰቡ ይህን ሁሉ የከፈለው ለውጤት ነውና ልጁ ከሰዓት በኋላ ኳስ ሜዳ ላይ ወይም ክበብ ውስጥ ሲታይ እንደ ሰረቀ ሰው ይሸማቀቃል። ሴቷ ተማሪ ላይ ደግሞ ውኃውም ማድቤቱም ይጨመራል። እኔ በዚህ ጉዳይ ወላጅን አልወቅስም። ለማዳበሪያ የታሰበ ገንዘብ ለቤት ኪራይ የከፈለ አባት «ተጫወት» ሊል አይችልም። ሊለው የሚገባው ትምህርት ቤቱ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ግን በቁጥር ደንግጧል። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲሰጥ፣ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች የውጤቱን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ 3.3 ከመቶ። በሚቀጥለው ዓመት 3.2 ከመቶ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ትንሽ በትንሽ ከፍ ቢልም በ2017 ዓ.ም. እንኳ ከመቶ ዘጠና የሚበልጠው ተማሪ ግማሹን አላመጣም። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። የዚህ ድንጋጤ መልስ በየቦታው አንድ ዓይነት ሆነ፦ ቲውቶሪያል፣ የቅዳሜ ክፍለ ጊዜ፣ ወርክሺት፣ የቀድሞ ፈተናዎችን ማገላበጥ። የክበብ ሰዓት ለዚያ ተሰጠ። ቤተ መጻሕፍቱ የወርክሺት መሥሪያ ሆነ።

ልፋቱን አልንቅም፤ ደመወዙ ወር በማያደርሰው መምህር የሚሠራ ነው። ነገር ግን ልጆቹ የወደቁት ሽምደዳ አንሷቸው አይመስለኝም። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሄዶ ኩረጃው ሲዘጋ የታየው የሚያነቡትን የማያውቁ፣ የሚያውቁትንም ከምንም ነገር ጋር የማያያይዙ ተማሪዎች መኖራቸው ነው። ለዚህ በሽታ ሽምደዳ ጨምሮ መስጠት ያው በሽታውን መቀለብ ነው።

ማያያዝ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ከራሱ ከቆቦ ማሳ ላሳይ። አቀንጭራ የተባለችውን ጥገኛ አረም የማያውቅ የቆቦ ልጅ የለም። ሐምራዊ አበባዋ ያምራል፤ ከማሽላው ሥር ብቅ ስትል ግን ነገሩ አልቋል። ከመሬት በታች ሳለች ሥሩ ላይ ተጣብቃ ስትመጠምጠው ከርማለች፤ ማሽላው ዝናብ እያለ እንደ ተጠማ ይጠወልጋል። አንዷ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንደ ትቢያ የደቀቀ ዘር ትጥላለች፤ ዘሩም አስተናጋጁን ተክል እስኪያገኝ አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ይቆያል። የሚነቃው የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲደርሰው ነው። ገበሬው «መሬቱ ደከመ» የሚለው ነገር ውስጥ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና የዘር ውርስ ሕግ ተጋጥመው ይገኛሉ።

ይህን ቋጠሮ ከፈቱት ሰዎች ዋነኛው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ናቸው። ወለንኮሚ አካባቢ በሣር ጎጆ ተወልደው፣ ትምህርት ቤቱ ሩቅ ስለነበር ሳምንቱን ከቤት ውጭ እያሳለፉ ቅዳሜና እሑድን ለመመለስ 20 ኪሎ ሜትር ይጓዙ ነበር። የቆቦን ቤት ተከራይ ተማሪ ኑሮ በደንብ ያውቁታል ማለት ነው። የሁለተኛ ደረጃን የተማሩት በጅማ የእርሻና የቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው፤ ቀጥሎ በዓለማያ ኮሌጅ፣ ከዚያም በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ። ከባልደረቦቻቸው ጋር የማሽላው ሥር ያን ቀስቃሽ ኬሚካል በጥቂቱ ብቻ እንዲያመነጭ የሚያደርገውን ባሕርይ ለይተው አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎች አወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸለሙ። ከእነዚያ ዝርያዎች አንዱ በኢትዮጵያ «ጎብዬ» ተብሎ ወጥቷል። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው ሌሎች የማሽላ ዝርያዎች ደግሞ «ሆርማት» እና «ግራና» ይባላሉ። ለቆቦ ልጅ እነዚህ የሚያውቃቸው የመንደርና የወንዝ ስሞች ናቸው።

ዋናው ነጥቤ ፕሮፌሰሩ በአሥራዎቹ ዕድሜ የተማሩበት ትምህርት ቤት ነው። እዚያ እርሻ ከማሳ ጋር ይማሩት ነበር። በዛሬው ሥርዓተ ትምህርት ግብርና ለአሥራ አንደኛ ክፍል የናቹራል ተማሪ እንደ አንድ ትምህርት ገብቷል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። በመግቢያ ፈተና ላይ ስለማይወጣ ግን ተማሪውም መምህሩም ቶሎ ያልፉታል። በቆቦ ሜዳ፣ የማሽላ ሙከራ ማሳ ባለበት፣ የከርሰ ምድር ውኃ እየተሳበ በቆቦ ግራና ሸለቆ ልማት በጠብታ መስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም በሚመረትበት አገር፣ የግብርና መጽሐፍ ሳይገለጥ ዓመቱ ሲያልቅ በጣም ያሳዝነኛል።

ሶሻሉም እንደዚሁ ነው። ሽንኩርት በአንድ ሳምንት ዋጋው ወርዶ ገበሬ ማሳው ላይ ትቶት ሲሄድ ያየ ልጅ ስለ አቅርቦትና ፍላጎት ከመጽሐፉ በፊት ያወቀው ነገር አለ። ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፈው ማሳ የሚያጠጡ አባቶች ውኃውን በምን ደንብ እንደሚከፋፈሉ ቢጠይቅ የጂኦግራፊም የሕግም የታሪክም ትምህርት ይሆንለታል። በነሐሴ በሶለል በዓል ልጃገረዶች የሚጫወቱትን የሰበሰበች ተማሪ ደግሞ አንድ ሙሉ የሚኒ ሚዲያ ዝግጅት አላት። ሶሻል የደከመ ተማሪ ማረፊያ የሚመስለው እነዚህ ጥያቄዎች በክፍል ውስጥ ስለማይነሱ ነው። ቢነሱ ኖሮ ጎበዞቹም ይሻሙት ነበር።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ያለፉትን ዓመታት ረስቼ አይደለም። ቆቦ ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት ውስጥ ነበረች፤ ብዙ ሰው ሞቶባታል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ዳግም መጣ። አንድ ዓመት ሳይሞላ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ፤ በክልሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ራቁ። በዚህ መሐል ዘጠነኛ የጀመረ ልጅ ስለ ክበብና ስለ ኳስ ሲነገረው ቅንጦት ሊመስለው ይችላል። እኔ ግን ለእሱ ይበልጥ ያስፈልጋል ባይ ነኝ። ጥይት ሰምቶ ያደገ ልጅ ከእኩዮቹ ጋር ተከራክሮ የሚስቅበት፣ አንድ ነገር በእጁ ሠርቶ የሚያሳይበት ሰዓት ካላገኘ ክፍል ውስጥ ቢቀመጥም ልቡ እዚያ አይኖርም። ፊልድ ምረጥ ሲባልም የሚመርጠው ቶሎ ከአገር የሚያስወጣውን መንገድ ነው፤ በቆቦ በኩል ወደ ባሕር ማዶ የሚኬድበትን የስደት ጎዳና ደግሞ ማንም አያሳየው፣ ያውቀዋል።

«ታዲያ ፈተናውስ?» የሚለኝ ርዕሰ መምህር እውነት አለው፤ የሚጠየቀው በዚያ ነው። መልሴ ሁሉን ክፍለ ጊዜ ይተው አይደለም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ በቲውቶሪያሉ ይቀጥል። ዘጠነኛና አሥረኛ ግን ይለቀቁ። በነዚያ ሁለት ዓመታት እያንዳንዱ ተማሪ ቢያንስ አንድ የናቹራልና አንድ የሶሻል ክበብ ውስጥ ይቆይ፤ ክርክሩ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይሁን፤ ምዝገባው ደግሞ ማሽላ ከተሰበሰበ በኋላ ለሁለት ሳምንት እንደገና ይከፈትና ሐሳቡን የቀየረ ልጅ ክፍል መቀየር ይፈቀድለት። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚርቀው፤ ብዙ የገጠር ልጅ የዩኒቨርሲቲ ግቢ መጀመሪያ የሚያየው ሊፈተን ሲገባ መሆኑ ቀርቶ አሥረኛ ክፍል ሳለ ላቦራቶሪውን ቢጎበኝ መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን የሚሆን ነገር ነው። የማሽላ ሙከራ ማሳው ጋ ለመድረስ ደግሞ መኪናም አያስፈልግም፤ በኅዳር አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ የባዮሎጂ መምህርና ለተመራማሪዎቹ የተጻፈ አንድ ደብዳቤ ይበቃሉ።