ለቀበና ወንዝ መዝገብ እንክፈትለት

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ይህን ቃል ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማው ያደግን ነን፤ ዳሩ ግን ለርስት፣ ለብድርና ለፍርድ እንጂ ለወንዝም የሚሠራ መሆኑን ልብ አላልነውም። ለዛሬ እሑድ ያነሣነው ጕዳይ ይኸው ነው። በአዲስ አበባ መካከል የሚያልፈው የቀበና ወንዝ ትናንት እንዴት እንደ ነበረና ዛሬ እንዴት እንደ ሆነ በቍጥር የሚመሰክር፣ በአንድ ሰው እጅ ተጀምሮ በሌላ ሰው እጅ የሚቀጥል፣ የማይቋረጥ መዝገብ ያስፈልገዋል እንላለን።

ቀበና ከእንጦጦ ተራራ ይነሣል። በከተማው መካከል ሲወርድ ከሌሎች ጅረቶች ጋራ ይገናኝና ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባል፤ ትልቁና ትንሹ አቃቂ ደግሞ በአባ ሳሙኤል ግድብ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር የሚቀር ወንዝ ስለ ሆነ፣ ከቀበና ድልድይ ላይ የምንጥለው ነገር ሁሉ የሚቀረው በገዛ አገራችን ውስጥ ነው። በአቃቂ ዳር ሰላጣና ጐመን የሚያለማው ገበሬም፣ ያንኑ ጐመን ከገበያ ገዝተን የምንበላው እኛም፣ የዚሁ ውሃ ተካፋዮች ነን።

ከተማ ወንዝን የሚለውጠው ቆሻሻ በመጨመር ብቻ አይደለም። ቀድሞ የክረምቱ ዝናብ ወደ አፈሩ ይሰርግና በበጋ ወራት ቀስ እያለ ወንዙን ይመግበው ነበር። ዛሬ ግን ቆርቆሮውና አስፋልቱ ውሃውን ስለማያሰርጉት፣ ዝናቡ በጣለ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ጐርፍ ሆኖ ይወርዳል፤ ዳርቻውንም ይሸረሽራል። በጋ ሲሆን ደግሞ ከምንጩ የሚመጣው ውሃ ያንስና፣ ከየቤቱና ከየፋብሪካው የሚወጣው ፍሳሽ ይበረታል። ይህ ሁሉ የሆነው በአንድ ቀን አይደለም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ስለሚለወጥ የሚያየው ሰው ዐይኑ ይለምደዋል።

እኛ ራሳችን ከዚህ ጥፋት ነጻ አይደለንም። ተማሪዎች ሳለን አንድ ቀን ለተግባር ትምህርት ወደ ወንዝ ዳር ወረድን፤ በጠርሙስ ውሃ ቀዳን፤ መረመርን፤ ቍጥሩን በደብተር ጻፍን፤ ማርክ ተሰጠን። ደብተሩ የት እንደ ወደቀ ዛሬ የምናውቅ የለንም። ከተመረቅን በኋላ ስለዚሁ ወንዝ ለመጻፍ አስበን ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደን የቀድሞውን ልክ ብንጠይቅ፣ «ያንን የሚያውቀው ሰው ተዛውሯል» ተባልን። ተቈጥተን ወጣን፤ በመንገድ ላይ ግን ያ የጣልነው ደብተር ትዝ አለንና አፈርን።

«ወንዙ መቈሸሹን አፍንጫችን እየነገረን ቍጥር ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። አፍንጫ የሚናገረው የዛሬን ብቻ ነው፤ ካምናው ተሽሎ ወይም ብሶ እንደ ሆነ አይነግረንም። ሌላው ደግሞ «ተመራማሪዎች ስንት ጊዜ አጥንተውት የለምን?» ይላል። እውነት ነው፤ ስለ አዲስ አበባ ወንዞች ብዙ ተጽፏል፤ በወንዙ ውሃ በሚለማው አትክልት ላይ እንደ ክሮሚየም ያሉ ብረቶች መገኘታቸውም ታትሟል። ነገር ግን አንዱ በነሐሴ፣ ሌላው በየካቲት፤ አንዱ ከድልድይ በላይ፣ ሌላው ከድልድይ በታች፣ በልዩ ልዩ መሣሪያ የለኩትን ጐን ለጐን አስቀምጦ ማስተያየት ያስቸግራል። በነሐሴ ጐርፉ ፍሳሹን ስለሚያቀጥነው ውሃው የተሻለ ሊመስል ይችላል፤ ያው ውሃ በየካቲት ሲለካ ሌላ ነው።

ደጋግሞ የመለካት ጥቅም በአሜሪካ አገር በባልቲሞር ከተማ ታይቷል። በዚያ ግዊንስ ፎልስ የሚባለውን ወንዝና ገባሮቹን፣ ለማመሳከሪያም በጫካ ውስጥ የሚወርድ አንድ ጅረት ጨምረው፣ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ከ1998 ጀምሮ ለሃያ ዓመታት ያህል በየሳምንቱ ለክተዋል። በዚያ አገር በብርድ ወራት በረዶውን ለማቅለጥ በመንገድ ላይ ጨው ይበትናሉ። በዚያን ጊዜ ወንዙ ጨው ቢኖረው የሚያስደንቅ አይደለም። ይህን መዝገብ ከሌሎች ቦታዎች ልክ ጋራ አያይዞ በ2005 የታተመ ጥናት ግን፣ ማንም ጨው በማይበትንበት በሙቀት ወራት እንኳ ከጨው የሚመጣው ክሎራይድ በጫካ ጅረቶች ካለው እስከ መቶ እጥፍ ይደርስ እንደ ነበረ አሳየ። ጨው በአፈርና በከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ተጠራቅሞ ቀስ እያለ ይወጣል። በብርድ ወራት ብቻ ለክቶ የሄደ ሰው ይህን ባላወቀም ነበር።

ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው የሚል ቢኖር ወደ ግብጽ ይመልከት። በካይሮ በሮዳ ደሴት፣ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ861 በተሠራው የዓባይ መለኪያ ዓምድ ላይ የውሃውን ከፍታ እያነበቡ ለብዙ መቶ ዓመታት ይጽፉ ነበር፤ የግብሩም መጠን ከዚያ ልክ ጋራ የተያያዘ ነበር። ያ ሙላት አብዛኛው ከእኛ ደጋ የወረደ ነው። ውሃው ከእኛ ሄደ፤ መዝገቡ በእነሱ ዘንድ ቀረ። መሣሪያቸውም ምልክት የተቈረጠበት የድንጋይ ዓምድ ነበር።

ለቀበናም ብዙ ነገር አያስፈልግም። ሦስት ቦታ ይመረጥ፤ አንዱ ከእንጦጦ ሥር ቤት ሳይበዛ፣ ሁለተኛው በከተማው መካከል፣ ሦስተኛው ከሌላ ወንዝ ጋራ ከመቀላቀሉ በፊት። በየሳምንቱ በተወሰነ ቀንና ሰዓት የውሃው ከፍታ፣ ሙቀት፣ በውስጡ የሟሟው ኦክሲጅንና ጨው ይለካ። ሰዓቱ መወሰኑ ያለ ምክንያት አይደለም፤ አልጌ በበዛበት ውሃ ኦክሲጅን ቀን ይጨምራል፤ ሌሊት ይቀንሳል። በዓመት ሁለት ጊዜ ደግሞ ከድንጋይ ሥር የሚኖሩት ጥቃቅን ነፍሳት ይቈጠሩ። ጠርሙስ የሚመሰክረው የተቀዳበትን ደቂቃ ነው፤ እነዚህ ነፍሳት ግን በውሃው ውስጥ ለብዙ ሳምንታት ስለሚቈዩ ያለፈውን ጊዜ ይመሰክራሉ። ንጹሕ ውሃ የሚወዱት ጠፍተው ቀይ ትል የሚመስሉት ብቻ ሲቀሩ፣ በወንዙ ላይ ምን እንደ ደረሰ ይታወቃል።

በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 56 ኪሎ ሜትር ያህል የወንዝ ዳርቻ ለማልማት ዕቅድ ወጥቶ ሥራ ተጀምሯል። ዳርቻው ሲያምር ማየት ደስ ያሰኛል። ነገር ግን አበባው የሚተከለው በዳርቻው ላይ ነው፤ ውሃው መሻሉን የሚነግረን ከሥራው በፊትና በኋላ በአንድ ቦታ የተጻፈ ቍጥር ነው።

እናንተ በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወጣቶች ሆይ፤ አንድ ሠራተኛ ሲዛወር ጠረጴዛውን፣ ወንበሩን፣ ማኅተሙንና የሣጥኑን ቍልፍ ቈጥሮ፣ ፈርሞ ያስረክባል። ወንበር የሚተካ ነገር ነው፤ ያለፈው ዓመት ልክ ግን በምንም ገንዘብ አይገዛም። ስለዚህ በርክክቡ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ይጨመር፤ ይኸውም «የወንዙ መዝገብ፣ እስከዚህ ቀን ድረስ የተሞላ» የሚል ነው። ተማሪዎችም የዘንድሮው ክፍል ካምናው ክፍል ገጽ ቀጥሎ ይጻፍ እንጂ በየዓመቱ አዲስ ደብተር አይጀምር።

የመጀመሪያውን ገጽ የሚጽፈው ሰው ፍሬውን ላያይ ይችላል፤ ሳይጻፍ ያለፈ ሳምንት ግን ተመልሶ አይመጣም። እኛም የጣልነውን ደብተር ለመካስ፣ በመጪው ቅዳሜ ጧት ልክ የተጻፈበት ዘንግና አንድ መዝገብ ይዘን ወደ ቀበና እንወርዳለን። ከእኛ በኋላ የሚረከበን ሰው እንፈልጋለን።