የስብራት ሐኪሙ ትምህርት የገበሬውም ጉዳይ ነው

በገጠር ሰው አጥንቱ የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ በሥራ ላይ እያለ ነው። ማር ሊቆርጥ ዛፍ ላይ የወጣ፣ ጣራ ሲከድን የወደቀ፣ በሬ የረገጠው፣ በቅሎ የጣለችው፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከገበያ ሲመለስ ሞተር ብስክሌት ወይም አይሱዙ የገጨው ብዙ ነው። በክረምት መግቢያ ጭኑ የተሰበረ አባወራ የዚያ ዓመት እርሻው በጎረቤት እጅ ይወድቃል። እግሩ ተጣሞ ከገጠመ ወይም ከተቆረጠ ግን ጉዳቱ የአንድ ዓመት ብቻ አይሆንም። በመሆኑም የስብራት ሐኪም ከተመረቀ በኋላ ትምህርቱን ይቀጥላል ወይስ አይቀጥልም የሚለው ጥያቄ ለሐኪሞች ብቻ የሚተው አለመሆኑን የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ሊገነዘቡት ይገባል።

የስብራት ሕክምና ባለፉት 60 ዓመታት እጅግ ተለውጧል። ቀድሞ ጭኑ የተሰበረ ሰው እግሩ በክብደት እየተጎተተ ለብዙ ሳምንታት አልጋ ላይ ይተኛ ነበር። ይህ አሠራር ዛሬም ፈጽሞ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1958 በስዊዘርላንድ የተሰባሰቡ ጥቂት ቀዶ ሐኪሞች አኦ የተባለውን ቡድን ሲያቋቁሙ ዓላማቸው የተሰበረውን አጥንት በብረት አጥብቆ በማያያዝ ሕመምተኛው መገጣጠሚያውን ቶሎ እንዲያንቀሳቅስ ማድረግ ነበር። ነገር ግን መሣሪያው ባልሠለጠነ እጅ ከገባ ከጥቅሙ ጉዳቱ እንደሚያይል ስለተረዱ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በዳቮስ ከተማ ለሐኪሞች ኮርስ መስጠት ጀመሩ። ሐኪሞቹ ንግግር አዳምጠው ብቻ አልተመለሱም፤ ብሎኑንና ብረቱን በእጃቸው እየገጠሙ ተለማመዱ። ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ አገሮች የሚሰጠው የስብራት ሐኪሞች ሥልጠና የዚህኑ ፈለግ የተከተለ ነው።

ለእኛ ዓይነቱ አገር ይበልጥ የሚቀርበው ሌላው ምሳሌ ነው። በታላላቅ ሆስፒታሎች ቀዶ ሐኪሙ በአጥንቱ ውስጥ የብረት ዘንግ ሲያስገባ በቀዶ ሕክምናው ክፍል ውስጥ ባለ ራጅ እየተመለከተ ይሠራል። ይህ ራጅ በሌለበት ሆስፒታል ምን ይደረግ? እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የተቋቋመው ሳይን የተባለው ድርጅት ያለ ራጅ የዘንጉን ቀዳዳ አግኝቶ ብሎን ለማስገባት የሚያስችል መምሪያ ያለው መሣሪያ አዘጋጀ። መሣሪያው ጥቁር አንበሳን ጨምሮ በአገራችን ሆስፒታሎች ሥራ ላይ ውሏል። ከመሣሪያው ይልቅ ትኩረት የሚስበው ደንቡ ነው። ሐኪሙ ለተጠቀመበት ዘንግ የሕመምተኛውን ራጅና የሥራውን ውጤት ሪፖርት ያደርጋል፤ ምትክ ዘንግ የሚላክለትም ሪፖርቱን ሲያቀርብ ነው። ሥራውን ሌሎች ባለሙያዎች አይተው አስተያየት ስለሚሰጡበት፣ ሐኪሙ ከሆስፒታሉ ሳይለይ ይማራል።

ይሁን እንጂ ስብራት ሁሉ ቀዶ ሕክምና አይፈልግም። የሕፃናት የክንድ ስብራት አብዛኛው በትክክል ተስተካክሎ በጀሶ ከታሰረ ይድናል። አጥንቱ ቆዳ ቀድዶ የወጣበት ሕመምተኛ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በፍጥነት ማግኘትና ቁስሉ በሚገባ መታጠቡ ነው። ይህን ለማድረግ የግድ አዲስ አበባ መድረስ አያስፈልግም። ከ2002 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሠለጠኑት የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች ተመድበው ይህን መሰሉን አገልግሎት እንዲሰጡ ታስቧል። ታዲያ ተከታታይ ሥልጠናው በዋና ከተማ አዳራሽ ተጀምሮ እዚያው የሚያልቅ ከሆነ፣ ለእነዚህ ባለሙያዎች ምን ይተርፋቸዋል? በእኛ አስተያየት ስለ ጀሶ አስተሳሰር የሚሰጥ የሁለት ቀን የወረዳ ሥልጠና፣ ስለ ውድ መሣሪያ ከሚሰጥ የሳምንት ኮርስ ይልቅ ብዙ የገበሬ ልጆችን ክንድ ያተርፋል።

ስለ ወጌሻ ሳይነሳ የስብራት ነገር አይሟላም። ወጌሻው ቅርብ ነው፤ ዋጋውም ቀላል ነው፤ ሕዝቡ ያምነዋል። እሱን ማውገዝ የትም አያደርስም። አደጋው ያለው በቀርከሃ ወይም በሸንበቆ አጥብቆ ከማሰሩ ላይ ነው። የተሰበረ አካል ያብጣል፤ ማሰሪያው ግን አይሰፋም። በዚህ ጊዜ ደም መዘዋወሩን ያቆምና በስድስት ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ጡንቻው መሞት ሊጀምር ይችላል። ከዚያ በኋላ ሆስፒታል ቢደረስም ሐኪሙ የሚቀረው መቁረጥ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በኢትዮጵያ ለወጌሾች አጭር ትምህርት ተሰጥቶ እጅና እግራቸው የሚሞትባቸው ሰዎች ቁጥር መቀነሱን እ.ኤ.አ. በ2005 በብሪታንያ የአጥንት ቀዶ ሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት አሳይቷል። ስለዚህ በየማኅበሩ ያሉትን ወጌሾች ለይቶ ማወቅ፣ የጤና ጣቢያውም እንዲያስተምራቸው መጠየቅ የመሪዎች ሥራ ነው። የታሰረው ሰው ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ቀለማቸው ከተለወጠ፣ ጣቱን ቀና ሲያደርጉለት ከጮኸ፣ ማሰሪያው በዚያች ደቂቃ ይፈታ፤ ሰውየውም ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ነገ ይሻለዋል ተብሎ የሚታደርበት ጉዳይ አይደለም። በተቀደደው ቆዳ ላይ አመድ፣ ቅቤ ወይም እበት ማድረግም ይቅር፤ ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል።

የጤና ባለሙያዎች የሙያ ፈቃዳቸውን ለማደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ትምህርት እንዲከታተሉ መደንገጉ መልካም እርምጃ ነው። ግን አንድ ችግር አለ፤ ሳይሸፋፈን ቢነገር ይሻላል። አንድ ቀዶ ሐኪም ብቻ ባለበት ሆስፒታል ሐኪሙ ለሥልጠና ሲሄድ ሕመምተኛው በር ላይ ይቀራል። አንዳንዱ የሆስፒታል ኃላፊ ይህን ፈርቶ ሐኪሙን ይከለክላል፤ ሌላው ደግሞ ያለ ምትክ ይልከዋል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ሥልጠናው አስቀድሞ በዕቅድ ተይዞ ከአጎራባች ሆስፒታል ተተኪ ሊመደብ፣ ወይም አሠልጣኙ ራሱ ወደ ሆስፒታሉ ሊመጣ ይችላል። ሁለተኛው መንገድ የተሻለ ይመስለናል፤ አሠልጣኙ የሚያየው እዚያው ያለውን ሕመምተኛና እዚያው ያለውን መሣሪያ ነውና።

የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ከሆስፒታል አስተዳደር ጋር በሚገናኙበት ስብሰባ ስለ መድኃኒት እጥረት እንደሚያነሱት ሁሉ ይህንንም ያንሡ። የስብራት ሕክምና የሚሰጠው ማነው? መጨረሻ የሠለጠነው መቼ ነው? በሌለበት ጊዜ ሕመምተኛው ወዴት ይላካል? መልሱ ከተገኘ በኋላ በየመንደሩ ይነገር፤ ቃሬዛው የት እንደሚቀመጥ፣ ሌሊት መኪና ያለው ሰው ማን እንደሆነና የነዳጁ ገንዘብ ከየት እንደሚወጣም ሰው ሳይወድቅ በፊት ይወሰን።