ርብና ጉማራ እኛንም ያገቡናል

«ጋይንት ደጋ ላይ ቁጭ ብለህ ስለ ጣና ዓሣ ምን አገባህ?» ላላችሁኝ፦ ርብም ጉማራም የሚነሱት ከጉና ነው፤ ከዚሁ ከጀርባችን። የጣና ነጭ ዓሣ 15 ገደማ ዝርያ አለው (ተማሪዎቼ ታስታውሳላችሁ)፤ አብዛኛው ከጣና በቀር የትም የለም። ግማሽ ያህሉ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ሽቅብ ወንዝ ወጥቶ ጠጠር ላይ እንቁላሉን ይጥላል። የጉና አፈር ታጥቦ ሲወርድ ያንን ጠጠር ይቀብረዋል። ስለዚህ ያገባኛል።

አሁን ደግሞ «የዓሣ ሀብትን በዲጂታል ማስተዳደር» ፋሽን ሆኗል። ሳተላይት፣ ሲስተም፣ አፕ... እሺ። ሳተላይት እምቦጭ የት እንደደረሰ ያሳያል፣ ይጠቅማል። በደንገል ታንኳ የወጣ ሰው ስንት ዓሣ ይዞ እንደገባ ግን አያውቅም። ቲሞር ሌስቴ ውስጥ በትንንሽ ጀልባዎች ላይ በፀሐይ የሚሠራ መከታተያ ገጥመዋል። እዚያም ቢሆን ዳር ቆሞ የተያዘውን የሚቆጥር ሰው አልቀረም።

«መረጃ የለም» የሚለውን ሰበብ ግን አልቀበልም። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ድረስ ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጣው ነጭ ዓሣ 75 በመቶ ገደማ መቀነሱን ተመራማሪዎች ጽፈዋል። አዋጅ ቁጥር 315/1995ም ወጥቷል። ወንዝ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋው፣ ብርብራ ወቅጦ ውሃ ውስጥ የሚበትነው አዋጁን አይቶ አልቆመም።

ችግሩ ቁጥሩ የደረሰን ዓሣው ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው። ስልክ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በነዚያ 3 ወራት ርብና ጉማራ አፍ ላይ፣ ባሕር ዳርና ጎርጎራም ዓሣ በሚራገፍበት ቦታ፣ የዓሣው ዓይነት፣ ብዛቱና የመረቡ ዓይን ስፋት በዕለቱ በአጭር መልእክት ይላክ። ባለ ቁልፍ ስልክ ይበቃል። በቴሌብር ብር የሚልክ አገር «ነጭ ዓሣ 12» ብሎ መላክ ያቅተዋል?

ውጤቱም በየሳምንቱ ለአጥማጁ ይመለስለት። ቁጥሩ ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ይዋሻል። እኔም ብሆን እዋሻለሁ፤ የቁጥሩ መልስ ግብር ብቻ ከሆነ ማን እውነቱን ይናገራል? ቁጥሩ ሲቀንስ እያየ ግን ክልክል መረብ የሚጥለውን ጎረቤቱን ራሱ ይከሰዋል፤ የሚጎዳው እሱ ነዋ!

ደግሞ ጾም ሲገባ «ዓሣ አለ?» እያላችሁ የምትጠይቁ፣ ጉዳዩን ለአጥማጁ ብቻ አትተዉት።

መረቡ ከወንዝ አፍ ለ3 ወር ይነሳ የምትሉ ባለሥልጣናት፣ አጥማጁ በነዚያ 3 ወራት ልጆቹን ምን እንደሚያበላ አብራችሁ ንገሩት። በጀት የለም ካላችሁ ከታብሌቱ መግዣና ከሆቴሉ ሥልጠና ቀንሱ።